ቢላዋና ማማሰያ

በቄራ ሠፈር በበዓል ዋዜማ በግ ያረደ ወንድ ልጅ «ጎበዝ» ይባላል፤ ሽንኩርት ያቁላላው ግን «ሴታሴት» ተብሎ ይሣቅበታል። በ2007 ዓ.ም. በካን ፌስቲቫል የታየው የያሬድ ዘለቀ ፊልም «ላምብ» ይህንኑ ጉዳይ በለዘብታ ያነሣል። እናቱ የሞተችበት ሕፃኑ ኤፍሬም ወጥ መሥራት ይወዳል፤ አጎቱ ግን የወንድ ሥራ አይደለም ባይ ነው፤ ልጁ የሚወዳት በጉ ቹኒም ለበዓል እንድትታረድ ይፈርዳል።

እኛ ተማሪዎችስ? በአዳራሽ ስለ እኩልነት ስንከራከር እናመሻለን፤ ከቤት ስንገባ ግን እኅታችን ወጡን እስክታቀርብ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። ወንድነት የሚለካው በቢላዋ ከሆነ፣ በጉን ለማዳን የተነሣው ልጅ ምን ሊባል ነው? እኛ ጀግና እንለዋለን። ስለዚህ ወንድሞች ሆይ፣ ለመጪው በዓል ማማሰያውን እንያዝ። የሚሥቅ ይሣቅ!