ከምድር በታች ላለው ውኃ ቆጣሪ ይሹምለት

አዳማ የሚጠጣው ውኃ ከአዋሽ ተጠልፎ፣ ተጣርቶና በሞተር ተገፍቶ ሽቅብ ወደ ከተማው የሚመጣ መሆኑን ከነዋሪው ብዙው ያውቃል፤ ነገር ግን ያን ያህል ሰው የሚኖርበት ከተማ በገዛ መሬቱ ሥር ያለውን ውኃ ትቶ ፊቱን ወደ ወንዝ የመለሰበትን ምክንያት የሚመረምር ጥቂት ነው።

ምክንያቱ ፍሎራይድ ነው። የስምጥ ሸለቆው ዐለት ከእሳተ ገሞራ የተወለደ በመሆኑ፣ በቀላያተ ምድር የሚመላለሰው ውኃ በሙቀትና በዘመን ርዝመት ይህን ንጥረ ነገር ከዐለቱ እያሟሟ ይሸከማል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ቢመክርም፣ በሸለቆው ውስጥ በብዙ ጉድጓዶች ከዚህ ልክ አልፎ ይገኛል። የሆላንዱ ኩባንያ ኤች.ቪ.ኤ. በ1946 ዓ.ም. ሥራ ባስጀመረው በወንጂ ስኳር ፋብሪካ እርሻ፣ ለብዙ ዓመታት የጉድጓድ ውኃ እየጠጡ በሸንኮራው ማሳ ጉልበታቸውን ከጨረሱት ሠራተኞች መካከል ጥርሳቸው ከመበለዙም በላይ አከርካሪያቸውና መገጣጠሚያቸው ደርቆ ጎብጠው የቀሩ መኖራቸውን ሐኪሞች መዝግበውታል። እነዚያ ሰዎች የከፈሉት ዋጋ ሊዘነጋ አይገባም፤ በዚህ ምድር ውኃ መገኘቱ ብቻ ሳይሆን ምን ዐይነት ውኃ መገኘቱም የሕይወትና የሞት ጉዳይ መሆኑን በአካላቸው አስረድተውናልና።

እንግዲህ ለሰው ጤና የሚስማማ የከርሰ ምድር ውኃ በሸለቆው ውስጥ በሁሉም ስፍራ የማይገኝ ሀብት ከሆነ፣ ያለበት ስፍራ እንደ ጎተራ ሊጠበቅ በተገባው ነበር፤ ሆኖም ከመቂ እስከ ባቱ፣ ማለት እስከ ቀድሞዋ ዝዋይ፣ በሚዘረጋው ሜዳ ለሽንኩርትና ለቲማቲም መስኖ በየማሳው ጉድጓድ እየተቆፈረ ሞተር ሲተከልበት፣ ስንት ጉድጓድ እንዳለና ከእያንዳንዱ በዓመት ምን ያህል ውኃ እንደሚወጣ አሟልቶ የሚመዘግብ የለም። በየጊዜው የውኃው ወለል ሲሸሽ ገበሬው ጉድጓዱን ያጠልቃል፤ ነገር ግን ጥልቀት የሚጨምረው የነዳጁን ወጪ ብቻ አይደለም፤ ዐለቱን እየቀረበ የሚሄድ ሰው በብዙ ስፍራ ፍሎራይዱንና ጨውን እየቀረበ ይሄዳል።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ከምድር በላይም ሆነ በታች ያለው ውኃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን ደንግጎ፣ ለቤት ፍጆታ ቅድሚያ የሰጠ መልካም ሕግ ነው። ይኸው ሕግ በእጅ ለሚቆፈር ጉድጓድ ፈቃድ አያስፈልግም ይላል። ድንጋጌው በገመድና በባልዲ ለሚቀዳ ቤተሰብ ርኅራኄ ያለበት፣ በዘመኑም የሚገባ ነበር፤ ዛሬ ግን ከዚያው በእጅ ከተቆፈረ ጉድጓድ አፍ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚስብ ሞተር ሲቀመጥ፣ ለድኻ የተተወው በር ለሁሉም ወለል ብሎ ተከፍቷል።

ጉዳቱ በሰው ላይ ብቻ አይቆምም። ከአርሲ ተራሮች የቀታር፣ ከጉራጌ ደጋ የመቂ ወንዞች ወርደው የዝዋይን ሐይቅ ይመግባሉ፤ ዝዋይ ሲሞላ በቡልቡላ ወንዝ አድርጎ ለአቢጃታ ሐይቅ ያካፍላል፤ አቢጃታ ግን መውጫ የሌለው የመጨረሻው ተቀባይ ነው። ላይኛዎቹ ሲቀንሱበት፣ ከራሱም ለሶዳ አሽ ፋብሪካ ሲቀዳበት፣ ሐይቁ ከቀድሞ ዳርቻው እጅግ ሸሸ፤ ጨዋማነቱ በርትቶ ዓሣው አለቀ፤ በሻላ ሐይቅ ደሴቶች ላይ ጎጆ ሠርተው ምግባቸውን ከአቢጃታ ይለቅሙ የነበሩት ፔሊካኖችም የልጆቻቸውን ቀለብ አጡ። ሐይቅና የከርሰ ምድር ውኃ በደለሉ በኩል እየተቀባበሉ የሚኖሩ ናቸውና፣ በሐይቅ ዳር ከሚሳበው ጉድጓድ ውስጥ የሐይቁም ድርሻ አለ።

ይህን የመሰለ ጉዳት ከሸለቆው ውጭም ደርሷል፤ በሐረርጌ ደጋ የነበረው የሐሮማያ ሐይቅ ለሐረር ከተማ መጠጥ፣ ለጫትና ለአትክልት መስኖ ከራሱም ከዙሪያው ጉድጓዶችም ያለ ልክ ሲሳብ ኖሮ በ1990ዎቹ ደርቆ ከብት ተሰማራበት፤ ከዓመታት በኋላ ውኃ ዳግመኛ መታየቱ ደስ ቢያሰኝም፣ ከተማው በዚያ ዘመን ያየውን ጥማት አይክስም። በአንጻሩ መተሐራ ላይ በሰቃ ሐይቅ ከ1950ዎቹ ጀምሮ እየሰፋ መሬት ዋጠ፤ ባለሙያዎች ከሚያነሧቸው ምክንያቶች አንዱ ከመስኖ እየሰረገ የሚወርደው ውኃ ነው። እጥረቱም ትርፉም ከአንድ ጉድለት፣ ከምድር በታች ያለውን ሳንለካ በላይ የመሥራት ልማድ፣ ይመነጫሉ።

ሽንኩርት ሸጦ ልጁን የሚያስተምረውን ገበሬ በዚህ መክሰስ ግፍ ነው። ልኬቱ መጀመር ያለበት አቅሙም ባለሙያውም ካላቸው፣ ማለት ከአበባ እርሻዎች፣ ከፋብሪካዎችና ከከተሞቹ የውኃ አገልግሎቶች ነው፤ እያንዳንዱ ጥልቅ ጉድጓድ ቆጣሪ ይግባለት፣ ንባቡም ለሕዝብ ይገለጥ። ቀጥሎ በየወረዳው ማንም የማይቀዳባቸው፣ የውኃው ወለል ከፍታ ብቻ በየወሩ የሚለካባቸው የመታያ ጉድጓዶች ይከፈቱ። ከዚያ በኋላ በእጅ የተቆፈረ ቢሆንም ሞተር የተተከለበት ጉድጓድ በፈቃድ ሥር ይግባ፤ ፈቃዱም በግለሰብ ላይ ቅጣት ሆኖ ሳይሆን በገበሬዎቹ የመስኖ ማኅበር በኩል ይሰጥ፤ እርስ በርሳቸው መጠባበቅን ያውቁበታልና።

የኦሮሚያ ክልልና የውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር በእጅ ለሚቆፈር ጉድጓድ ፈቃድን ያስቀረው የአዋጁ አንቀጽ እንዲሻሻል ሐሳብ እንዲያቀርቡ፣ የጉድጓዶቹንም ቆጠራ ከመቂና ከባቱ ሜዳ እንዲጀምሩ በአክብሮት እንጠይቃለን።