ስሙ ማዕረግ የሆነ ቤት

ወደ ደሴ ስትጓዙ ጣርማበርን አልፋችሁ፣ የደብረ ሲናን ቁልቁለት ወርዳችሁ ሙቀቱ ሲቀበላችሁ ሸዋ ሮቢት ተቃርባለች። ብዙዎቻችን ምሳ በልተን፣ ፍራፍሬ ገዝተን እናልፋታለን። በሚቀጥለው ጉዞ ግን ለልጆቻችሁ የይፋትን ወላስማዎች ታሪክ አጫውቷቸው።

የሮሙ ጁሊየስ ቄሳር ስም ከሞቱ በኋላ የገዢዎች ማዕረግ ሆኗል፤ የጀርመኑ «ካይዘር»ም የሩሲያው «ዛር»ም ከእሱ የመጡ ናቸው። በይፋትም የሆነው ይኸው ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የይፋትን ሱልጣኔት የመሠረተው ዑመር ወላስማ ነበር። ሱልጣኔቱ ካከተመ ከብዙ ዘመን በኋላም፣ በሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1813–1847)፣ የይፋት ገዢ «ወላስማ» ይባል ነበር።

የዚያን ጊዜው ባለ ማዕረግ ወላስማ መሐመድ ነበሩ። ከታጁራ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ወደ ሸዋ ሲገባ መጀመሪያ የሚረግጠው የእሳቸውን ግዛት ነው። በ1841 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ሲመጣም በበሩ ላይ ያገኘው እሳቸውን ነው።

ከበሩ የሚከብድ ሌላ አደራም ነበራቸው። በሸዋ አንዱ ልዑል ሲነግሥ ወንድሞቹ ዙፋኑን እንዳይሻሙ ይታሰሩ ነበር። እስር ቤቱ በይፋት ጎንቾ ላይ ሲሆን ጠባቂው ወላስማው ናቸው። እስቲ አስቡት፤ ክርስቲያኑ ንጉሥ የእናቱን ልጅ ፈርቶ፣ ቁልፉን ለሙስሊሙ ሹም ያስረክባል። ወላስማው ዙፋኑን አይመኙም፤ ወንድም ግን ሊመኝ ይችላል።

ሃሪስ ከሸዋ ከመውጣቱ በፊት ስለ እስረኞቹ አማለደ፤ ንጉሡም ፈቷቸው። በሰንሰለት ያለፈውን ዕድሜ ግን ማን ይመልስላቸዋል?

ዛሬ በየቤታችን ዙፋን የለም። ቤትና ቦታ ግን አለ፤ በእሱ ሰበብ የተኳረፉ ወንድምና እህትም በየሰፈሩ አሉ። ስለ ውርስ መነጋገር ሟርት አይደለም። እናትና አባት በሕይወት ሳሉ፣ ልጆቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት፣ የማን ድርሻ ምን እንደሆነ በግልጽ ይነገር፤ በሕግ አግባብም ይጻፍ። ጎንቾን የሠራው ስግብግብነት ብቻ አይደለም፤ አንዱ ወንድም የሌላውን ልብ አለማወቁም ጭምር ነው።