የጎርጎራ ወደብ፤ የማርያም ግምብና የቆላው ቤተ ሰብ

ከሽንፋና ከመተማ ቆላ ተነሥቶ ወደ ደጋ የሚወጣ ቤተ ሰብ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ለሕክምና፤ ለንግድ፤ ወይም ለዘመድ ለቅሶና ለሠርግ ነው። ሰሊጡን ሰብስቦ፤ ጥጡን ሸጦ፤ ዕዳውንም ከፍሎ ካበቃ በኋላ፤ አገርን ለማየት ብቻ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ የሚነሣ ሰው ቢገኝ፤ ጎረቤቱ ገንዘብ የተረፈውና የሚያደርገውን ያጣ ሰው አድርጎ ይቈጥረዋል። በዚህም ምክንያት የቆላው ልጅ የቀደሙት ሰዎች የሠሩትን ግምብ በዓይኑ ሳያይ ያድጋል፤ ታሪኩንም ለፈተና ያህል ከያዘው በኋላ ይረሳዋል።

በሌላው ዓለም ግን ይህ ነገር ራሱን የቻለ ታላቅ ሥራ ሆኗል። በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ብዙ ሺህ ሰው የሚጭኑ መርከቦች አባትና እናትን ከነልጆቻቸው አሳፍረው ከወደብ ወደ ወደብ ይዞራሉ፤ ጧት አውርደው የፈረሰ ከተማ ያሳያሉ፤ ማታ መልሰው ይጭናሉ። ከእነዚህም ወደቦች አንዱ በቱርክ አገር ያለው ኩሻዳሲ ነው፤ ከዚያ የሚወርደውም መንገደኛ ሊያይ የሚሄደው ኤፌሶንን ነው። ቅዱስ ጳውሎስ መልእክት የጻፈላት፤ በአውሮፓ አቈጣጠር በ431 ዓመት ሦስተኛው ጉባኤ የተደረገባት ኤፌሶን በዘመኗ የገነነች የባሕር ወደብ ነበረች። ዛሬ ባሕሩ ከፍርስራሿ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ይገኛል፤ ወንዙ ከላይ እያጠበ ያመጣው ደለል ወደቧን ደፍኖታልና። ይህን የሚያይ ሕፃን ከተማ በጠላት ብቻ ሳይሆን በአፈርም እንደሚጠፋ ያለ መምህር ይረዳል።

ለሽንፋ ሰው እንዲህ ያለው ትምህርት ባሕር ማዶ የሚፈለግ አይደለም። በገንዳ ውኃ፤ በነጋዴ ባሕርና በአይከል አልፎ አዘዞ ከደረሰ በኋላ፤ ወደ ደቡብ ታጥፎ በቆላ ድባ በኩል ቢወርድ ጎርጎራ ይደርሳል። በዚያ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህለው የጣና ባሕር ተዘርግቶ ይታያል፤ ጀልባውም በወደቡ ነው። ጎርጎራን ከደልጊ፤ ከቁንዝላ፤ ከደቅ፤ ከዘጌና ከባሕር ዳር ጋራ ያገናኝ የነበረው የጀልባ መንገድ ሰውንም እህልንም አብሮ ሲጭን የኖረ ነው። በወረራው ዘመን ፋሺስቶች በኮረብታው ላይ ያቆሙት ሐውልትም ገና ይታያል፤ ለልጆች ሊነገር የሚገባው ነገር በዚያም አለ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ከዛሬው ወደብ በስተ ምዕራብ፤ በባሕሩ ዳር በሚገኘው ምድር ላይ ያለው ማርያም ግምብ የሚባለው ፍርስራሽ ነው። ከ1599 እስከ 1624 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ሱስንዮስ በዚህ አውራጃ ከተማ አድርገው ተቀምጠው ነበር፤ ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው የስፔን ተወላጅ ኢየሱሳዊ ካህንም በድንጋይ የታነጸ ቤት ሠርቶላቸዋል። ፓኤዝ በ1610 ዓ.ም. ከንጉሡ ጋራ ሄዶ በሰከላ የግዮንን ምንጭ ያየ ሰው ነው፤ በ1614 ዓ.ም. ሞቶ በጎርጎራ ተቀበረ። በዚያው ዓመት ዐፄ ሱስንዮስ የሮማን ሃይማኖት በግልጥ ተቀበሉ፤ ከዚያም ወዲህ የወንድማማች ደም ብዙ ፈሰሰ። በመጨረሻም በ1624 ዓ.ም. ሕዝቡን ወደ አባቶቹ ሃይማኖት መልሰው ዘውዱን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ።

ይህ ግምብ ያለ ጠባቂ የኖረበት አንዱ ምክንያት ከዚህ ታሪክ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ከካህናቱ ወገን፤ የኢየሱሳውያን ሥራ ቢፈርስ ምን ጐደለ የሚል አሳብ ይሰማል። አሳቡ ከቅንዓተ ሃይማኖት የተነሣ ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም፤ ነገር ግን ዐፄ ፋሲል ራሳቸው ካደረጉት ጋራ አይስማማም። ኢየሱሳውያንን ከአገር ያስወጡ እርሳቸው ናቸው፤ ደግሞም ጎንደርን በቈረቈሩ ጊዜ በድንጋይና በኖራ ያሠሩ እርሳቸው ናቸው። ትምህርቱን ጥለው ጥበቡን ያዙ። ዛሬ ሊቃውንቱ የሚኰሩበት፤ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ የተጻፈው የፋሲል ግቢ እንዴት እንደ ተጀመረ ለማወቅ የሚወድ ሰው ከጎርጎራ፤ ከደንቀዝና ከአዘዞ ፍርስራሽ ሊነሣ ግድ ነው። ድንጋዩን የጠረበውና ተሸክሞ ያቆመው ደግሞ የአገሩ ሰው ነው እንጂ ከሮማ የመጣ አይደለም።

ከዚህም ሌላ ቤተ ሰብን ይዞ ለሚሄድ አባት ሁለቱን ነገር በአንድ ቀን ለማሳየት ይመቻል። በወደቡ አጠገብ ያለችው ደብረ ሲና ማርያም በሣር ክዳኗና በግድግዳ ሥዕሎቿ ጸንታ ትገኛለች፤ ካህናቱ ጠብቀዋታልና። ባለቤት የሌለው ማርያም ግምብ ግን በቍጥቋጦ ተይዟል። የስፔን ሊቃውንት በቅርብ ዘመን መጥተው ቈፍረው መርምረውታል፤ የደንብያ ቄስና የደንብያ ሹም ግን ከባዕድ ሰው ይልቅ ለእርሱ ቅርብ ናቸው። የደብሩ ካህናት ፍርስራሹንም እንዲጠብቁ ቢታዘዙና ከጎብኚው ከሚገኘው ገንዘብ ድርሻ ቢሰጣቸው፤ የሚጐዳ ሰው ማን ነው?

በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ገበታ ለሀገር በተባለው ሥራ ጎርጎራ ከወንጪና ከኮይሻ ጋራ እንዲለማ መመረጡ መልካም ነገር ነው። ነገር ግን ያማረ ማረፊያ ቤት ገንዘብ ያለውን እንግዳ ያስተናግዳል እንጂ፤ አራት ልጆች ያሉትን የሽንፋ ገበሬ፤ ወይም ተማሪዎቹን አሰልፎ የሚመጣውን መምህር አይጠቅምም። ለእነዚህ የሚያስፈልጋቸው ቀኑ የታወቀ ጀልባ፤ የልጅ ዋጋው የተቀነሰ መሳፈሪያ፤ ለእያንዳንዱ መንገደኛ የመንሳፈፊያ ልብስ፤ ሌሊቱንም የሚያድሩበት ንጹሕ አዳራሽ ነው። ይህ ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በጣና ላይ የታየው እምቦጭ አረም ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የበረታው በዚሁ በሰሜኑ ዳርቻ ነው። አረሙ የጀልባውን መንገድ ይዘጋል፤ ዓሣ አጥማጁን ያስርበዋል። ከተራቈተው ደጋ በየክረምቱ የሚወርደው ደለልም ባሕሩን ይሞላል። ኤፌሶን ወደቧን ያጣችው በአንድ ቀን አይደለም፤ ደለሉን የሚያይ ዓይን ሳይጠፋ በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ነው። የግብርናው ሹም እርከን እንዲሠራ ሲያዝ ወደቡንም ማትረፉ እንደ ሆነ ቢያውቅ ይገባል።

የመተማ ሰው ይህን ሁሉ ሲሰማ እንግዳ ነገር አይሆንበትም፤ መተማ ራሷ ውኃ የሌላት ወደብ ነበረችና። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የጎንደር ነጋዴ ሰሙንና ቡናውን ወደ ሱዳን ይዞ የሚወርደው በእርሷ በኩል ነበር። ታላቁን ኢያሱን ሊያክም የመጣው ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ ከሰናር ወደ ጎንደር የወጣው፤ እስኮትላንዳዊው ብሩስም በ1764 ዓ.ም. ወደ ሰናር የወረደው በዚህ ጠረፍ ነው። ያን ሁሉ ንግድ ጦርነት በታተነው። ድርቡሾች በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን አቃጠሉ፤ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ቈስለው ስለ አገራቸው ሞቱ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮም በሱዳን ጦርነት የተሰደዱ እናቶች ሕፃናት ታቅፈው በዚሁ በር ገብተዋል። ሰላም ለወደብ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ለዚህ አገር ሰው ማስረዳት አያሻም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭትም መንገደኛውን በየኬላው ማስጨነቁ የታወቀ ስለ ሆነ፤ ከጀልባው አስቀድሞ የመንገዱ ደኅንነት ሊታሰብ ይገባል፤ ሕፃን ልጁን በሥጋት ጎዳና ላይ የሚያወጣ አባት የለም።

የሽንፋ ሰው ግን ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር ቀርቶታል። በሽንፋ ወንዝ አጠገብ በጆን ካፔልማን የሚመሩ ሊቃውንት ቈፍረው ያገኙት ሥፍራ ዕድሜው ወደ 74,000 ዓመት የሚጠጋ የሰው መኖሪያ መሆኑ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ኔቸር በተባለው መጽሔት ታትሟል። በዚያ የድንጋይ ሥለቶች፤ የዓሣ አጥንትና የሰጐን ዕንቍላል ቅርፊት ተገኝተዋል፤ ከሥለቶቹም ጥቂቶቹ የፍላጻ ጫፍ ሳይሆኑ እንዳልቀሩ ሊቃውንቱ ያስባሉ። በሱማትራ ደሴት ቶባ የተባለው እሳተ ገሞራ በፈነዳ ጊዜ ነፋስ ያመጣው፤ በዓይን የማይታይ የመስተዋት ትቢያ በዚሁ አፈር ውስጥ ተገኝቷል። ድርቁ ሲበረታ እነዚያ ሰዎች ወንዙ ተቈራርጦ በቀረባቸው ኵሬዎች ዓሣ እያጠመዱ ኖሩ። ዛሬም የሽንፋ ልጆች በበጋ ዓሣ የሚይዙት በእንደዚህ ያለው ኵሬ ነው።

የጎርጎራን ግምብ ዓይቶ የተመለሰ ልጅ ይህን ሥፍራ ለማየት በእግሩ ሊሄድ ይችላል፤ ነገር ግን የት እንደ ሆነ የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል። የወረዳው አስተዳደርና የትምህርት ቤቱ ሹም፤ የቅርስ ባለሥልጣንን አስፈቅደው፤ ሥፍራው ሳይነካ በአማርኛ የተጻፈ አንድ ሰሌዳ በወንዙ መንገድ ላይ ሊያቆሙለት ይችላሉ። ለዚህም ሆነ ለጎርጎራው ጉዞ የሚመቸው ጊዜ ሰሊጡ ከተሰበሰበ በኋላ፤ የቆላው ሐሩር ሳይጠና፤ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ነው።