በመርከቢቱ ሆድ ውስጥ የቀረው ዘይት

ስለ ቤት አያያዝና ለልጆች ስለሚተላለፈው ውርስ ለመናገር ዛሬ ምሳሌያችንን ከሩቅ አገር፥ ከአሜሪካ የካሊፎርኒያ ጠረፍ እናመጣለን።

አፕቶስ በምትባለው ከተማ አጠገብ፥ ሲክሊፍ በሚባለው የባሕር ዳርቻ፥ ፓሎ አልቶ የምትባል የተሰበረች መርከብ ተቀምጣለች። መርከቢቱ ለአንደኛው የዓለም ጦርነት ታስባ የተሠራች የነዳጅ ዘይት ማመላለሻ ናት። በዚያ ዘመን ብረት ስላነሰ የአሜሪካ መንግሥት በብረት ዘንግ ከተጠናከረ ሲሚንቶ 24 መርከቦች እንዲሠሩ ፈቅዶ ነበር፤ የተፈጸሙት ግን 12 ብቻ ናቸው። ሲሚንቶ እንዴት ይንሳፈፋል የሚል ቢኖር፥ ባዶ የሸክላ ገንቦ በውሃ ላይ ሲንሳፈፍ ያየ ሰው መልሱን ያውቀዋል።

ፓሎ አልቶ በኦክላንድ ተሠርታ ወደ ባሕር የወረደችው በፈረንጆች አቈጣጠር በሜይ 29 ቀን 1919 ነው። ጦርነቱ ግን በኖቬምበር 1918 አብቅቶ ነበርና ለታሰበችበት ሥራ ሳትደርስ ዐሥር ዓመት ያህል ታስራ ቆየች። በ1929 አንድ የመዝናኛ ኩባንያ ገዛት፤ በ1930ም ወደ ሲክሊፍ አስጐትቶ፥ ውሃ አስገብቶባት፥ በባሕሩ ወለል ላይ አስቀመጣት። ከየብስ እስከ እርስዋ ድረስ የእንጨት ድልድይ ዘረጋ፤ በላይዋም የዳንስ አዳራሽ፥ የመዋኛ ገንዳና ምግብ ቤት አበጀ። ነገር ግን ዘመኑ የዓለም ንግድ የወደቀበት ነበርና ኩባንያው ከሁለት ዓመት በኋላ ከሰረ፤ ማዕበሉም የመርከቢቱን ወገብ ሰነጠቀው። በ1936 የካሊፎርኒያ መንግሥት በ1 ዶላር ተረከባት፤ ሕዝቡም ብዙ ዘመን በላይዋ ሆኖ ዓሣ ሲያጠምድባት ኖረ።

ዋናው ነገራችን ከዚህ ላይ ነው። ላይዋ ሲያጌጥ፥ በሆድዋ የነበረው የነዳጅ ዘይት ፈጽሞ ተጠርጎ አልወጣም ነበር። ከ70 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ በዘይት የተለወሱ የባሕር ወፎች በአካባቢው ተገኙ። ላባውን ዘይት የነካው ወፍ የገላውን ሙቀት መጠበቅ አይችልምና በብርድ ይሞታል። በ2006 የቀረው ዘይት በብዙ ወጪ ተጠረገ። ዕዳውን የከፈሉት ግን መርከቢቱን ያልሠሩ፥ በአዳራሽዋም ያልጨፈሩ ናቸው።

ቤትም እንደዚሁ ነው። አባት ግድግዳውን በኖራ ያስለቅማል፥ እልፍኙንም በምንጣፍ ያስጌጣል፤ ያልተከፈለው ብድር፥ በቃል ብቻ የቀረው ኑዛዜ፥ ከወንድሙ ጋራ ያልታረቀው ቂም ግን በቤቱ ሆድ ውስጥ ይቀራል። እርሱ በሕይወት ሳለ ሁሉ ስለሚያፍረውና ስለሚያከብረው ነገሩ ተሸፍኖ ይቈያል። ካለፈ በኋላ ግን ቅርፊቱ ይሰነጠቅና በልጆቹ ላይ ይፈሳል። ያንድ እናት ልጆችን በችሎት ፊት ከሳሽና ተከሳሽ አድርጎ የሚያቆማቸው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። «የአባት ዕዳ ለልጅ፥ ያፍንጫ እድፍ ለእጅ» የተባለውም ያለ ምክንያት አይደለም።

በ2017 ማዕበል የመርከቢቱን ኋላ ሰበረው፤ በ2023ም ድልድዩ በማዕበል ተጎድቶ ፈረሰ። የቀረው አካልዋ የወፎች ማረፊያ፥ የዓሦችም መጠለያ ነው፤ ዘይቱ አስቀድሞ ባይወጣ ኖሮ ግን ስብራትዋ ለእነዚሁ ፍጥረቶች መርዝ በሆነባቸው ነበር።

እንግዲህ አባቶችና እናቶች ሆይ፤ ቤት መፍረሱና ሰው ማለፉ አይቀርም። ብድሩን ቈጥሮ መክፈል፥ ኑዛዜውን በምስክር ፊት ማጻፍ፥ የተቀየሙትንም በሽማግሌ መታረቅ በጤናችን ቀን የሚሠራ ሥራ ነው። ለልጆቻችን ያማረ አዳራሽ ማውረስ ባይቻለን እንኳ፥ ንጹሕ ቤት ማውረስ አያቅተንም።