አደይ የትኛዋ ናት?

በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ከመንገድ ዳር የገዛሁትን እቅፍ ቤት አስገብቼ ፈታሁት። እንግጫውን ለይቼ ቢጫዎቹን አበቦች ጠረጴዛ ላይ ዘረጋኋቸው። ከሩቅ ሁሉም አደይ ናቸው። ቀረብ ብዬ ሳያቸው ግን ሁለት ዓይነት ሆኑብኝ። የአንደኛዋ ቅጠል የተተለተለ ነው። የሌላዋ ያልተሰነጠቀ፣ ሲዳስሱት የሚሻክር፣ ግንዱን እቅፍ አድርጎ የያዘ ነው፤ አበባዋን ስገለብጣት ደግሞ ከሥሯ አምስት ሰፋፊ አረንጓዴ ቅጠሎች ደግፈዋታል። ይህችኛዋ መጭ ናት፣ የኑግ የቅርብ ዘመድ።

የዕፅዋት ባለሙያ መጭን አደይ ብላት አይቀበለኝም። ለእሱ አደይ የቢደንስ ወገን ናት፤ እሷም ብትሆን አንድ አይደለችም፦ ማክሮፕቴራ፣ ፓኪሎማ፣ ፕሬስቲናሪያ እያለ ይለያቸዋል። ጥንቃቄው ያስፈልጋል። አደይና መጭ በሚመደቡበት የዕፅዋት ቤተሰብ አንድ አበባ የምንላት ራሷ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ጉባኤ ስለሆነች ዓይን በቀላሉ ይሳሳታል። ዝርያዎቹን አጥርቶ ለመለየት የበሰለ ፍሬ ማየት ይጠይቃል፤ «ማክሮፕቴራ» ማለትም «ባለ ትልቅ ክንፍ» ነው፣ ክንፉም የፍሬዋ ነው። እኛ ግን የምንቀጥፋት ፍሬዋ ሳይደርስ፣ ገና በአበባዋ ነው።

በሌላ በኩል፣ የሳይንሱ ስምም ጸንቶ አልኖረም። ማክሮፕቴራ ቀድሞ ኮሪዮፕሲስ ከሚባለው ወገን ትቆጠር ነበር፤ ወደ ቢደንስ ያዛወሯት መስፍን ታደሰ ናቸው፣ በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣውን የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ የዚህን ቤተሰብ ክፍል ያዘጋጁት። ሕዝቡ በዚህ ሁሉ መካከል አደይ ማለቱን አልተወም። ስሙ የተሰጠው ለወቅቱም ጭምር ነው፦ ክረምቱ ወጥቶ ጋራው ቢጫ ሲለብስ፣ ከእንቁጣጣሽ እስከ መስቀል።

ሕዝብ ስል ግን ገበሬውን ከከተሜው ጋር መደመር አልፈልግም። ኑግ የሚዘራ ሰው መጭን ከማሳው ይነቅላታል፤ ከአደይ ጋር አያምታታትም። ስሙን ያላላነው እኛ ከተሜዎቹ ነን።

ለበዓል እቅፍ የላላው ስም ይበቃል እላለሁ። ዘር ለቅሞ ለሚተክል ሰው ግን አይበቃም፤ አደይ ዘራሁ ብሎ ከጎረቤት የኑግ ማሳ አጠገብ አረም ሊያበቅል ይችላል።

መጭን ከእቅፉ አላወጣኋትም፤ ከአደይ ጋር አንድ ማሰሮ ውስጥ ውሃ ጠጥታ መስቀልን ጠበቀች። ለጓሮዬ የአደይ ዘር የምለቅመው ግን ኅዳር ላይ ነው፣ ፍሬዋን በመዳፌ ይዤ።