ይስፋ ትላለህ፤ ለማን ይስፋ?

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ዛሬ ስለ ባንዲራ አልጽፍም። ስለ ዓድዋም አልጽፍም። ስለ ቀለበት መንገድ ነው። «ይሄ ልጅ ምን ነካው?» ብለህ ከማለፍህ በፊት እስከ መጨረሻው አንብበኝ፤ ከዚያ ስደበኝ።

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መገናኛ ቆመህ ታውቃለህ? ሰልፉ ተጠማዞ፣ ታክሲው ተቆላልፎ፣ ረዳቱ «ሳሪስ! ቃሊቲ!» እያለ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጮሃል። ከጎንህ የቆመው ሁሉ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ «መንገዱ ጠቧል፣ ማስፋት ነው እንጂ!»

እኔም ይሠራ ባይ ነኝ። መንገዱ አርጅቷል፣ ክርክር የለውም። ግን «ይስፋ» ብሎ አጨብጭቦ መሄድና አገር መውደድ ለየቅል ናቸው። ላስረዳህ።

ቀለበት መንገዱ የተጀመረው በ1990 ዓ.ም ገደማ ነው። የሠራው የቻይናው ሲአርቢሲ፣ ርዝመቱም 33 ኪሎ ሜትር ገደማ። ያኔ ጀሞ ኮንዶሚኒየም የለም፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የለም። ከጅቡቲ መጥቶ በቃሊቲ የሚገባው ከባድ መኪና መሐል ከተማውን ሳይረግጥ ዳር ዳሩን ይዙር የተባለበት ጊዜ ነው። ከተማው ግን መንገዱን ዘሎት ሄደ። ዳር የነበረው መሐል ሆነ። ዛሬ ያው መንገድ ተሳቢውንም፣ የሰፈር ታክሲውንም፣ ተማሪውንም፣ ቆሎ ሻጯንም ባንድ ላይ ተሸክሞ ያቃስታል። ስሙ ደግሞ ቀለበት! ቀለበቱ እኮ አልገጠመም። በሰሜን በኩል፣ በእንጦጦ ሥር፣ ዊንጌትን ከመገናኛ የሚያገጥመው ወገን በዚያው ደረጃ አልተሠራም። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ያልገጠመ ቀለበት አጥልቀን እንሄዳለን።

እንግዲህ «ይስፋ» ባዮች ሆይ፣ ሦስት ነገር ልበላችሁ።

1ኛ፦ ማስፋት ብቻውን መጨናነቅን አይፈታም።

ምህንድስና ነው የተማርኩት፤ ይህችን ልንገርህ። መንገድ የሚቆለፈው ሲጋጠም ነው። አደባባይ የሚሠራው የሚገባው መኪና ውስጥ ላለው ቅድሚያ ሲሰጥ፣ ውስጥ ያለውም መውጫ ሲያገኝ ነው። መውጫው ከታፈነ አደባባዩ ራሱን ይበላል፤ ሁሉም ቆሞ ክላክስ ብቻ። ቀለበት መንገዱ ላይ ደግሞ ከዋናው መንገድ የሚወጣውና ከሰርቪስ መንገዱ የሚገባው መኪና በአጭር ርቀት ውስጥ ይጠላለፋሉ። ይህን ሳታስተካክል መሐሉን ብታሰፋ የእንስራውን ሆድ ማስፋት ነው፤ አፉ ያው ከሆነ የሚቀዳው ውኃ ያው ነው። ኢምፔሪያልና ለቡ ላይ አደባባዩ ፈርሶ ማሳለጫ ሆኗል፤ ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። ግን አንዱን ፈትተህ ቀጣዩን እንደታነቀ ከተውከው መኪናው አንዱን በሩጫ አልፎ ሌላው ላይ ይከመራል። ማሳለጫ እንደ ሰንሰለት ባንድ ላይ ነው የሚታሰበው።

ሀብታሞቹ ማስፋቱን ሞክረውታል። የአሜሪካዋ ሂውስተን ኬቲ ፍሪዌይ የሚባለውን መንገዷን በ2008 እ.ኤ.አ. አስፍታ ጨረሰች። ከጎን መንገዶቹ ጋር ሲቆጠር፣ ሰፊው ቦታ ላይ 26 መስመር ይደርሳል። ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ፈሰሰበት። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ግን በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ጉዞው መልሶ ረዘመ። ለምን? መንገድ ሲሰፋ መኪና ይጠራላ! ሴኡል ደግሞ ተቃራኒውን አደረገች። ቾንግዬቾን የሚባል ወንዝ ላይ የተሠራውን ያረጀ ተንጠልጣይ መንገድ ከ2003 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. አፍርሳ ወንዙን ከተቀበረበት አወጣች፣ አውቶብሶቿን አሻሻለች። ከተማዋም አልሞተችም። ታዲያ እኛ ሬንጁን እንኳ በዶላር ከውጭ የምናስገባ ሰዎች፣ ሂውስተን የከሰረችበትን ነው ተበድረን የምንገዛው?

2ኛ፦ እግረኛው የት ሄደ?

አዲስ አበባ የባለመኪና ከተማ አይደለችም። ሕዝቡ በአብዛኛው በእግሩ፣ በታክሲና በአውቶብስ ነው የሚኖረው። በትራፊክ አደጋ ከሚሞተውም አብዛኛው እግረኛ ነው። ይህን ልብ በል።

እህቴ፣ አንቺ ታውቂዋለሽ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ መብራት የሌለው መሻገሪያ ድልድይ ላይ ብቻሽን መውጣት ምን እንደሆነ። እሱን ፈርተሽ ከታች ብትሻገሪ ደግሞ «ሥርዓት የላትም» ይሉሻል።

ሰፈራችን ውስጥ እንጀራ የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። ጉልበታቸው ደረጃ አይወጣም። ድሮ ማዶ ያለው ጉልት የአምስት ደቂቃ መንገድ ነበር ይላሉ። አሁን ወይ ሩቅ ዞረው ይመጣሉ፣ ወይ ነፍሳቸውን ሸጠው የመሐሉን ግንብ ይዘላሉ። በስልሳ ዓመታቸው ግንብ የሚዘሉ እናት! መንገዱ ላይ ሁለት መስመር ሲጨመር ለባለመኪናው የሚጨመረው ፍጥነት ነው፤ ለእሳቸው የሚጨመረው የሩጫ ርቀት ነው። ባማረው ቢልቦርድ ላይ ይህ አይሳልም።

3ኛ፦ ማን ነው የሚስለው? ማን ነው የሚሠራው?

በመመረቂያ ዓመታችን አራት ሆነን አንድ አደባባይ ላይ ሦስት ቀን ቆመን መኪና ቆጠርን። በእጅ፣ በወረቀት፣ በጠራራ ፀሐይ። ከየት ገባ፣ ወዴት ወጣ፣ ስንት እግረኛ ተሻገረ። ሠርተን አስረከብን፣ ተጨበጨበልን። ያ ወረቀት ዛሬ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል። ከአራታችን አንዱ ባጃጅ ይነዳል፣ አንዱ ዱባይ ገብቷል፣ አንዷ የአክስቷ ሱቅ ውስጥ ናት። እኔ ማስታወቂያ ሰሌዳ አነባለሁ፦ «የሥራ ልምድ 5 ዓመት»። ሥራ ሳይሰጡህ ልምድ ከየት ይመጣል? ጎተራን ብታይ፣ የአዳማውን ፈጣን መንገድ ብታይ፣ የሠሩት ቻይኖች ናቸው።

ቻይናን እየሰደብኩ እንዳይመስልህ። ቻይና የራሷን ልጆች አስተማረች፣ ሥራ ሰጠች፣ አስመክራ እዚህ ድረስ ላከቻቸው። አገር መውደድ ማለት እሱ ነው! እኛ ነን ልጆቻችንን አስተምረን ሰሌዳ ሥር የምናቆማቸው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች እንደተባለው።

ደግሞ «አበሻ መንገድ አያውቅም» እንዳትለኝ። በ1860 ዓ.ም ሴባስቶፖል ወደ መቅደላ ሲጎተት መድፉን ጋፋት ላይ የሠሩት ፈረንጆች ነበሩ። ገደሉን ቆርጦ መንገዱን የጠረገው ግን የኛው ሰው ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ አንስተዋል። ኋላም በ1943 ዓ.ም የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ሲቋቋም መሪዎቹ አሜሪካኖች ነበሩ። ግን ዓለም ገና ላይ ማሠልጠኛ ተከፈተ፣ የኛው ሰው ግሬደር ነጂም ቴክኒሻንም ሆነ፣ መሥሪያ ቤቱም በኢትዮጵያውያን እጅ ገባ። ከባዕድ መማር ነውር የለውም። ነውሩ ሃያ ዓመት አብሮ ሠርቶ ሳይማሩ መቅረት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። «መንገድ የልማት ጉዳይ ነው፣ የትግል ጉዳይ አይደለም» የምትሉን የራሳችን ሰዎች አላችሁ። ባንዲራ የለበሰ ፎቶ ስንለጥፍ ሺህ ላይክ፣ ስለ መሻገሪያ ድልድይ ስንጽፍ ጭጭ። አገር ማለት ምን መሰላችሁ? እኚያ እናት የሚዘሉት ግንብ አገር ነው። ለሱ ተብሎ የተወሰደው ብድር አገር ነው፤ ከፋዩም እኔና አንተ ነን፣ ከኛ በኋላ ልጆቻችን። እናት ግንብ እየዘለለች ስለ ክብር የምናወራው ለማን ነው?

እና ጥያቄያችን ምን ይሁን? አጭር ነው።

ሀ) መጀመሪያ ማሳለጫዎቹና መግቢያ መውጫዎቹ ባንድ ላይ ታስበው ይስተካከሉ። ከመሐሉ አስፋልት በፊት።

ለ) አዲስ መስመር ከተጨመረ ለአውቶብስ ይሁን። አንድ አውቶብስ የሚጭነውን ሰው በቤት መኪና ብትጭነው ስንት መቶ ሜትር አስፋልት እንደሚይዝ ራስህ አስላው።

ሐ) ሥዕሉ ላይ ከመኪናው በፊት እግረኛው ይሳል። ጉልበት የደከመውና በዊልቸር የሚሄደው የሚያልፍበት፣ መብራት ያለው መሻገሪያ፣ ሕዝቡ በሚሻገርበት ቦታ። መሐንዲስ በተመቸው ቦታ አይደለም።

መ) ከውጭ ተቋራጭ ጋር በሚፈረም ውል ሁሉ የኛ ምሩቃን በቁጥር ተጽፈው ይግቡ፤ ሻይ አቅራቢ ሳይሆን ቀያሽና ተቆጣጣሪ ሆነው።

ሠ) ሥዕሉ ቁፋሮ ሳይጀመር ለሕዝብ ይለጠፍ። ቤቱ የሚነካበት ሰው ከዶዘሩ ድምፅ አይስማው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

«ገንዘብ የለም» ይሉሃል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ለመሐሉ አስፋልት የተገኘው ብር ለመሻገሪያው አይጠፋም።

በመጨረሻ አንድ ሥራ ልስጥህ፤ ሼር ብቻ እንዳይሆን። ቅዳሜ ጠዋት ደብተርና እስክሪብቶ ይዘህ ሰፈርህ ያለው መሻገሪያ ድልድይ ላይ ውጣ። አንድ ሰዓት ቁም። ስንት ሰው በድልድዩ መጣ፣ ስንት ሰው ከታች ግንቡን ዘለለ፣ ከዘለሉት ስንቱ አረጋዊ፣ ስንቱ ልጅ ያዘለች እናት፣ ጻፍ። የቦታውን ስምና ሰዓቱን ጨምረህ እዚህ ገጽ ላይ አስፍር። እኔ እደምረዋለሁ፤ ሥራ ፈት ነኝ፣ ጊዜ አለኝ። ከዚያ ወረቀቱን ይዘን፣ ተሰልፈን ሳይሆን ቆጥረን፣ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት በር ላይ እንገኛለን። ያኔ «እነዚህ ልጆች ጩኸት ብቻ ናቸው» የሚለው አፍ ይዘጋል።

ቀለበቱን እኛ እንግጠመው።

ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!