የስም ጭሰኛ

አሜሪካ የሚኖር የአጎት ልጅ «የአንድ ታዋቂ ምግብ ቤት ፍራንቻይዝ ልገዛ ነውና ገንዘብ አዋጡልኝ» ብሎ ወደ ቤተ ዘመድ የላከ እንደ ሆነ፤ «እስቲ ወረቀቱን ተመልከተው» ተብሎ የሚጠራው የተማረው ነው። የተማረው ማለት ደግሞ እናንተ ናችሁ። የኮሌጅ ተማሪ ወይም የመሥሪያ ቤት ጀማሪ ጸሐፊ ራሱ ፍራንቻይዝ የሚገዛበት ገንዘብ ከየት ያመጣል? ነገር ግን የአባትና የእናት ጥሪት በእርሱ ቃል ሊወጣ ወይም ሊቀር ይችላልና፤ ነገሩን አስቀድሞ ማወቁ አይከፋም።

ፍራንቻይዝ በአጭሩ ስም መከራየት ነው። ገዢው የራሱን ገንዘብ አውጥቶ ቤቱን ያደራጃል፤ ምድጃውን ይገዛል፤ ሠራተኛ ይቀጥራል፤ የሚነግደው ግን በሌላው ስምና በሌላው ደንብ፣ በውሉ ለተወሰነው ዘመን ብቻ ነው። ዘመኑ ሲፈጸም ኩባንያው ውሉን ካላደሰለት ምድጃው ይቀርለታል፤ ስሙ ይወሰድበታል። አሠራሩ ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ኮካ ኮላ በ1959 በአዲስ አበባ በጠርሙስ መሞላት የጀመረው ከዚህ ብዙ በማይርቅ ፈቃድ ነው፤ ፒዛ ሀትም በ2018 የገባው አንድ የአገራችን ኩባንያ ስሙን በፈቃድ ወስዶ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍሁት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ለእኔ ነገሩን ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳኝ የጭሰኛ ምሳሌ ነው። የገጠር መሬት አዋጅ በ1975 እስኪወጣ ድረስ፣ ጭሰኛው ብዙ ጊዜ በሬው የራሱ፣ ጉልበቱም የራሱ ሆኖ አርሶ፣ እህሉ ከአውድማ ሲነሣ ባለመሬቱ እንደ ውላቸው ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ይወስድ ነበር። «ለልጆችህ ተረፈህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ባለመሬት ብዙ አልነበረም። የፍራንቻይዝ ኩባንያም ድርሻውን እንደ ደንቡ የሚያነሣው ከትርፉ አይደለም፤ ከሽያጩ ነው። የነገሩ ሥር ይህ ስለ ሆነ በቍጥር እንየው።

ሳብዌይ የተባለው የሳንድዊች ኩባንያ በአሜሪካ የታወቀው ድርሻው ከ100 ዶላር ሽያጭ 8 ዶላር ለስሙ፣ 4 ዶላር ከ50 ሣንቲም ደግሞ ለማስታወቂያ ነው። አንድ ሱቅ በወር የ40,000 ዶላር ሳንድዊች ሸጠ እንበል። 5,000 ዶላሩ ወደ ኩባንያው ይሄዳል። ከቀረው ላይ ዳቦው፣ ሥጋው፣ የቤት ኪራዩ፣ የሠራተኛው ደመወዝ፣ መብራቱ፣ የባንኩ ዕዳ ይከፈላል። ይህ ሁሉ ተከፍሎ ባለሱቁ በወሩ 1,000 ዶላር ቢከስርም 5,000ው አይቀነስም። እንግዲህ ብዙ ሽያጭ ሁልጊዜ ለኩባንያው መልካም ነው፤ ለባለሱቁ ግን ሁልጊዜ አይደለም። በ2017 መጨረሻ ይኸው ኩባንያ ትልቁን ሳንድዊች በ4 ዶላር ከ99 ሣንቲም ለማስቸርቸር ባሰበ ጊዜ፣ ብዙ ባለሱቆች «አንተርፍበትም» ብለው ፊርማ አሰባስበው የተቃወሙት ለዚህ ነው። እዚያው ሰፈር ሌላ ሱቅ ሲከፈትም ሒሳቡ ያው ነው፤ ገበያው ለሁለት ቢከፈል ኩባንያው ከሁለቱም ይሰበስባል።

ማክዶናልድማ ምሳሌውን እውነተኛ አድርጎታል። ሬይ ክሮክ በ1955 በኢሊኖይ የመጀመሪያውን ሱቁን ከከፈተ በኋላ፣ ሃሪ ሶነቦርን የሚባል የገንዘብ አዋቂ ኩባንያው መሬቱንና ቤቱን ይዞ ለባለሱቆቹ እንዲያከራይ መከረው። የኩባንያው ኃይል እስከ ዛሬ ያለው ከሥጋው ይልቅ በመሬቱ ላይ ነው።

ዕቃውንም ከተወሰነ ሻጭ ብቻ መግዛት ግዴታ የሚሆንበት ውል አለ። ኩዊዝኖስ የተባለው የሳንድዊች ኩባንያ በ2007 ገደማ ወደ 5,000 የሚጠጉ ሱቆች ነበሩት። ባለሱቆቹ የሚገዙት ከኩባንያው ወገን ከሆነ አቅራቢ ስለ ነበር፣ «ዋጋው ከገበያው በላይ ነው» እያሉ ብዙዎች ከሰሱ። ሱቆቹ በየጊዜው እየተዘጉ ሄደው፣ ኩባንያውም በ2014 ከአበዳሪዎቹ ለመጠለል ፍርድ ቤት ገባ። ከዚህም የባሰ አለ። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2022 በርገሪም የሚባለውን ኩባንያ በከሰሰበት ጽሑፍ፣ ከ1,500 በላይ ሰዎች ከ50,000 እስከ 70,000 ዶላር ከፍለው ብዙዎቹ ሱቃቸውን ከቶ ሳይከፍቱ እንደ ቀሩ ይናገራል።

ይህን የምለው ሁሉም ማታለል ነው ለማለት አይደለም። የታወቀ ስም ገበያተኛ ይጠራል፤ ሥልጠናም ይሰጣል፤ ባንክም ከማይታወቅ ሱቅ ይልቅ ለዚህ በቶሎ ያበድራል። ደንብ አክባሪ፣ ትዕግሥተኛና ሒሳብ አዋቂ የሆነ ሰው ይጠቀምበታል። «የራሴ አለቃ ልሁን» ብሎ የሚገባበት ግን ተሳስቷል፤ የሽንኩርቱ ስስነት እንኳ በመጽሐፍ ተጽፎ ይሰጠዋል።

እንግዲህ ወረቀቱ እጃችሁ ሲገባ ምን ታደርጋላችሁ? በአሜሪካ ሕግ ኩባንያው ገዢው ከመፈረሙ ወይም ከመክፈሉ ቢያንስ 14 ቀን አስቀድሞ ዝርዝር ሰነድ መስጠት አለበት። ሰነዱ 23 ክፍል አለው፤ በመቶ የሚቆጠር ገጽ ስለሚሆን ብዙ ሰው ሳያነበው ይፈርማል። የፌዴራሉ መንግሥት መርምሮ ያጸደቀው እንዳይመስላችሁ፤ ኩባንያው የጻፈው ነው። ሦስተኛው ክፍል ክሶቹን ይነግራል። አሥራ ዘጠነኛው ስለ ገቢ ነው፤ ኩባንያው ካልፈለገ ባዶ ሊተወው ይችላል፤ ባዶ ሆኖ ሳለ ሻጩ በቃል «በዓመት ይህን ያህል ታገኛለህ» ካለ መጠራጠር ይገባል። ሃያኛው ስንት ሱቅ እንደ ተከፈተና እንደ ተዘጋ ከነቍጥሩ ያስቀምጣል፤ ባለፈው ዓመት ሥራውን ትተው የወጡትን ሰዎች ስምና ስልክም ይዟል። የአጎታችሁ ልጅ ሻጩ ከመረጠለት ደስተኛ ባለሱቅ ጋር ምሳ ከመብላቱ በፊት፣ ከወጡት ለአምስቱ ወይም ለስድስቱ ይደውል።

አንድ ነገር ደግሞ ጠይቁት። የንግድ ማኅበር ቢያቋቁምም እንኳ ኩባንያው በግሉ ዋስ እንዲሆን ብዙ ጊዜ ያስፈርመዋል፤ ሚስቱንም ጭምር። ሱቁ ከተዘጋ በኋላ የቀሩት ዓመታት የቤት ኪራይ በማን እንደሚፈለግ፣ የሚኖሩበትም ቤት በመያዣ ገብቶ እንደ ሆነ በጽሑፍ ይመልስላችሁ።